60,000 ጥይት፦ የአርተር ራምቦ ሕይወት ከሸዋ የመሣሪያ ንግድ አንጻር (1885–1888 እ.ኤ.አ.)

መግቢያ

በዛሬው ዘመን በአሜሪካና በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች የተተኮሰ ቀለህን ሰብስቦ መልሶ መሙላት ብዙ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩት ሥራ ነው። ይህን ሥራ የሚወድ ሰው አራት ነገሮችን ይገዛል፦ ቀለህ፣ መለኮሻ፣ ባሩድና አረር። ባሩዱን ከሙቀትና ከእሳት አርቆ ያስቀምጣል፤ መለኮሻውን ከባሩዱ ይለያል፤ ሁለቱንም ከእርጥበት ይጠብቃል። ከአራቱ አንዱ ሲያልቅበት ገበያ ወጥቶ ይገዛል፤ ገበያው ባዶ ቢሆን እንኳ የሚቀርበት ነገር የአንድ ቅዳሜ መዝናኛ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በሸዋ የነበረው ሁኔታ ግን ከዚህ እጅግ የራቀ ነበር። እነዚሁ አራት ነገሮች ከባሕር ማዶ ተገዝተው፣ በወደብ ተከማችተው፣ በረሃ አቋርጠው መድረስ አለመድረሳቸው የመንግሥትን አቅም ይወስን ነበር።

ይህ አጭር ጽሑፍ የሚከተለው ከዚህ ንግድ ውስጥ የገባን የአንድ ሰው ሕይወት ነው። አርተር ራምቦ በዓለም ሥነ ጽሑፍ ታሪክ በወጣትነቱ በጻፋቸው ግጥሞች የታወቀ ፈረንሳዊ ነው። በአገራችን ደግሞ ስሙ ከሐረር ከተማ ጋር ተያይዞ ይነሣል። በስሙ የሚጠራውና ጎብኚዎች የሚያዩት ቤት እርሱ ከሞተ በኋላ የተሠራ ቢሆንም ስሙን ከከተማው ጋር አጥብቆ አስተሳስሮታል። እዚህ የሚታየው ግን ገጣሚው ወይም የሐረሩ ነዋሪ ብቻ ሳይሆን፣ ጠመንጃና ጥይት ገዝቶ ያከማቸውና ለመሸጥ የተንከራተተው ነጋዴ ነው።

የራምቦ የጠመንጃ ንግድ የከሸፈበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ በሁለት መንገድ ይተረጎማል። አንደኛው ንጉሥ ምኒልክ ብልጥ ገዢ ስለነበሩ ነጋዴውን አታለሉት የሚል ነው። ሁለተኛው ራምቦ ለንግድ ያልተፈጠረ ባለቅኔ ነበር የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከሁለቱም ይለያል። ለኪሳራው ዋናው ምክንያት ጊዜ ነበር። የተከማቸ መሣሪያ ባለበት ቆሞ ዋጋ ያጣል፤ ዕቃው ያረጃል፣ ሕግ ይለወጣል፣ የገዢውም ፍላጎት ወደፊት ይራመዳል። ራምቦ ራሱ ይህን ዘግይቶም ቢሆን የተረዳው ይመስላል። ንግዱ ከከሸፈ ከጥቂት ወራት በኋላ ሊያስገባ የሞከረው የተዘጋጀ ጥይት ሳይሆን የጥይት መሥሪያ ነበርና። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከባለቅኔነት ወደ ነጋዴነት

ራምቦ ጥቅምት 20 ቀን 1854 በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በአርደን አውራጃ በሻርልቪል ከተማ ተወለደ። አባቱ የእግረኛ ጦር ሻምበል ነበር፤ ልጁ ገና ስድስት ዓመት ሲሆነው ከቤተሰቡ ተለይቶ ሄደ፤ ልጆቹን ያሳደገቻቸው እናቱ ቪታሊ ኩዊፍ ናት። ራምቦ በትምህርቱ የላቀ ተማሪ ነበር። ከ15 እስከ 20 ዓመት ዕድሜው ባለው አጭር ጊዜ የፈረንሳይን ግጥም አቅጣጫ የለወጡ ሥራዎችን ጻፈ፤ ከዚያም ፈጽሞ ተወው።

ከጦር መሣሪያ ጋር የተገናኘበት የመጀመሪያው የታወቀ አጋጣሚ በገዛ ሰውነቱ ላይ የደረሰ ነበር። ሐምሌ 10 ቀን 1873 ብራስልስ ውስጥ፣ ወዳጁ የነበረው ገጣሚ ፖል ቬርሌን በዚያው ጠዋት ከ50 ጥይት ጋር በገዛው ሽጉጥ ተኩሶ የግራ እጁን አንጓ አቆሰለው። ቬርሌን ታሰረ፤ ራምቦም ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ያሳተመው ብቸኛ መጽሐፍ አብዛኛው ቅጂ በማተሚያ ቤቱ መጋዘን ውስጥ ተረስቶ ቀረ። ለማተሚያው ገንዘብ ሳይከፈል ተከማችቶ የቀረው ይህ መጽሐፍ፣ በኋለኛው ሕይወቱ ከሚደርስበት ነገር ጋር የሚመሳሰል ነው።

ከ1875 በኋላ ራምቦ ከአገር አገር ተዘዋወረ። በ1876 በሆላንድ የቅኝ ግዛት ጦር ተቀጥሮ ጃቫ ከደረሰ በኋላ ከድቶ ጠፋ። በቆጵሮስ ደሴት የድንጋይ ማውጫ ሠራተኞች ኃላፊ ሆኖ ሠራ። በነሐሴ 1880 ኤደን ደረሰና አልፍሬድ ባርዴ በሚመራው የቡና ንግድ ድርጅት ተቀጠረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ሐረር ተላከ። ሐረር በዚያን ጊዜ በግብፅ አገዛዝ ሥር ነበረች። ራምቦ ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ገዛ፤ አረብኛ ተናገረ፤ ፎቶግራፍ አነሣ፤ ስለ ኦጋዴን የተዘጋጀው ዘገባው በ1884 በፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ታተመ። በ1885 ግብፃውያን ሐረርን ለቅቀው ሲወጡና አሚር አብዱላሂ ሥልጣን ሲይዙ የሐረር ንግድ ተዳከመ። ራምቦ በዚያው ዓመት በጥቅምት ከባርዴ ጋር ተጣልቶ ተለያየ፤ በሸዋ ረዘም ላለ ጊዜ ከነገደው ከፒየር ላባቱ ጋርም ለመሣሪያ ንግድ ተዋዋለ።

አራቱ ነገሮች

ውሉ ምን ዓይነት ዕቃ እንደሚመለከት ለመረዳት በዚያን ዘመን በሸዋ የነበሩትን ሁለት ዓይነት ጠመንጃዎች መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ባሩዱና አረሩ በአፈሙዙ በኩል የሚጎረስ፣ ከበስተኋላው በትንሽ የመዳብ ቆብ የሚለኮስ አሮጌ ጠመንጃ ነው። ሁለተኛው በበስተኋላው የሚጎረስ፣ ቀለህ ያለው ጥይት የሚተኩስ አዲስ ጠመንጃ ነው። ሬሚንግተንና በኋላ በሕዝቡ ዘንድ ውጅግራ የተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ከዚህ ወገን ናቸው። የግብፅ ጦር በ1875 ጉንደት፣ በ1876 ደግሞ ጉራዕ ላይ በአፄ ዮሐንስ ጦር ሲሸነፍ በርካታ ሬሚንግተን ጠመንጃዎች በኢትዮጵያውያን እጅ ገቡ። ከዚያ ወዲህ የአሮጌውና የአዲሱ ልዩነት ለማንም የተሰወረ አልነበረም።

ሁለቱ ጠመንጃዎች ባለቤቱ ላይ የሚጥሉት ጥገኝነት ይለያያል። ለአሮጌው ጠመንጃ ባሩዱን በአገር ውስጥ መሥራት ይቻል ነበር፤ ከሰል፣ ድኝና የባሩድ ጨው የሚያዋሕዱ ባለሙያዎች በኢትዮጵያ ከቀደመ ጊዜ ጀምሮ ነበሩ። እርሳስ አቅልጦ አረር ማውጣትም አስቸጋሪ አይደለም። ከውጭ የግድ የሚፈለገው መለኮሻው ብቻ ነው። አዲሱ ጠመንጃ ግን በተጨማሪ በልኩ የተሠራ የናስ ቀለህ ይፈልጋል። ናስ በጥንቃቄ ከተያዘ በተደጋጋሚ ሊሞላ ይችላል። የተተኮሰበት መለኮሻ ወጥቶ አዲስ ይተካል፤ ባሩድ ይሞላል፤ አረሩ ከላይ ይገጠማል። ነገር ግን ጥቁር ባሩድ የሚተወው ጥላሸት እርጥበት ስቦ ናሱን ስለሚበላው ቀለሁ ሳይዘገይ መታጠብ አለበት። አፉ የተሰነጠቀም ቀለህ አያገለግልም።

ከአራቱ ነገሮች ሁሉ በእጅ ሊሠራ የማይችለው መለኮሻው ነው። ለመሥራት የኬሚስትሪ ዕውቀትና ልዩ መሣሪያ ይጠይቃል፤ በእርጥበት ቦታ ከተቀመጠም ዋጋ ቢስ ይሆናል። እንግዲህ የሸዋ መንግሥት የመተኮስ አቅም በመጨረሻ የተንጠለጠለው ከጥፍር በማትበልጥ የመዳብ ቆብ ላይ ነበር ማለት ይቻላል። ተዋጊው ከተኩስ በኋላ ቀለሁን የማይጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ኋላም ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለገለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ታጁራ፦ የተከማቸ ዕቃና የሚያልፍ ጊዜ

ራምቦ በ1885 መጨረሻ ወደ ታጁራ ተሻገረ። የቅፍለቱ ዋና ጭነት 2,040 መለኮሻ የሚጠቀሙ አሮጌ ጠመንጃዎችና 60,000 የሬሚንግተን ጥይት ነበር። ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ እንዳስረዳው፣ እነዚህ ጠመንጃዎች በአውሮፓ ጦር ሠራዊቶች ከአገልግሎት ከወጡ 40 ዓመት ያህል የሆናቸው ናቸው። በሊዬዥ ወይም በፈረንሳይ ከአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች አንዱ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ይገዛል፤ በሸዋ ደግሞ 40 ፍራንክ ያህል ያወጣል። በወረቀት ላይ ሲታይ ትርፉ ከዕቃው ዋጋ አራት እጥፍ ነው። ነገር ግን በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ባሕር፣ በረሃና የሁለት መንግሥታት ፖለቲካ ነበሩ።

የጭነቱን መጠን በግምት ማሰብ ችግሩን ያሳያል። አንዱ ጠመንጃ 4 ኪሎ፣ አንዱ ጥይት 40 ግራም ያህል ቢመዝን፣ ጠመንጃዎቹ ብቻ ከ8,000 ኪሎ በላይ፣ ጥይቶቹም 2,400 ኪሎ ይሆናሉ። አንድ ግመል 150 ኪሎ ቢጫን፣ ውኃና ስንቅ ሳይቆጠር 70 ያህል ግመሎች ያስፈልጋሉ። ግመሎቹና መሪዎቹ የሚገኙት ከአፋሮች ነው፤ መንገዱም የእነርሱ ነው። የኪራዩን ዋጋና የመነሻውን ቀን የሚወስኑት እነርሱ እንጂ ነጋዴው አልነበረም። በ1886 ከሸዋ ይመለስ የነበረ የአንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ ቅፍለት በበረሃው ላይ ተደምስሶ ነበርና፣ ያለ እነርሱ ስምምነት መነሣት ሕይወትን መስጠት ነበር።

ራምቦ በጥር 1886 ለመነሣት አስቦ ነበር። ቀኑ አለፈ። በሚያዝያ ወር ፈረንሳይ ከእንግሊዝ ጋር በተስማማችው መሠረት መሣሪያ ከባሕር ዳርቻው ወደ መሀል አገር እንዳይገባ ትእዛዝ ወጣ። ራምቦና ላባቱ ለፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አቤቱታ ጻፉ። በአቤቱታው ውስጥ የጭነቱን ዋጋ በዝርዝር አስቀምጠዋል፦ ጠመንጃዎቹ እያንዳንዳቸው በ15 የማርያ ትሬዛ ብር ተሰልተው 30,600 ብር፣ ጥይቶቹ ሺሁ በ60 ብር ተሰልተው 3,600 ብር፣ ልዩ ልዩ ዕቃዎች 5,800 ብር፣ በድምሩ 40,000 ብር። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። አንድ ብር በ4 ፍራንክ ገደማ ቢታሰብ 15 ብር 60 ፍራንክ ይሆናል። ያው ጠመንጃ ለእናቱ ሲጻፍ 40 ፍራንክ፣ ካሣ ሊከፍል ለሚችል መንግሥት ሲጻፍ 60 ፍራንክ ሆኗል። ሰነዱ ለማን እንደተጻፈ ሳይጠይቁ ቁጥሩን መቀበል አይገባም።

ፈቃዱ በመጨረሻ ተገኘ፤ ሆኖም ወራት አልፈዋል። ታጁራ ሞቃትና ከባሕር በሚመጣ እርጥበት የተሞላች ናት፤ መለኮሻና ባሩድ ለረጅም ጊዜ ሊቀመጡባት የሚገባ ቦታ አይደለችም። ችግሩ በዕቃው ብቻ አልተወሰነም። ላባቱ በካንሰር ታሞ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰና ሞተ። ራምቦ ቅፍለቱን ሊያስተባብር ያሰበው ሌላው ልምድ ያለው ነጋዴ ፖል ሶሌዬም በመስከረም 1886 ኤደን ውስጥ በድንገት ሞተ። ራምቦ ብቻውን ቀረ። ታጁራ ከደረሰ አንድ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በጥቅምት 1886፣ ቅፍለቱ ተነሣ።

አንኮበርና እንጦጦ፦ የሒሳብ ቀን

ጉዞው አራት ወር ፈጀ። ቅፍለቱ የአሳልን የጨው ሐይቅ አልፎ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ የካቲት 6 ቀን 1887 አንኮበር ገባ። ንጉሥ ምኒልክ አንኮበር አልነበሩም። በጥር መጀመሪያ ጨለንቆ ላይ አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ሐረርን ይዘዋል። ከሐረር ሲመለሱም ግብፃውያን ትተውት የሄዱትን መድፍና ጥይት ይዘው ነበር። በዚህ ጊዜ ቤተ መንግሥታቸው ወደ እንጦጦ ተዛውሯል። ራምቦም ዕቃውን ይዞ ወደዚያ ሄደ።

ይህ የቀኖች መገጣጠም ለክርክራችን ቁልፍ ነው። ራምቦ ጠመንጃዎቹን ለመሸጥ ባሰበበት በ1886 መጀመሪያ ቢደርስ ኖሮ፣ ምኒልክ ገና በአርሲ ዘመቻ ላይ ነበሩ፤ የሐረርም ዘመቻ ከፊታቸው ነበር። መሣሪያ ያስፈልጋቸው ነበር፤ የጎረቤቶቻቸውን ነጻነት የሚወስነውም የመሣሪያ ብልጫ ነበር። በየካቲት 1887 ግን ሐረር ተይዛለች፤ የግብፃውያን ግምጃ ቤት በእጃቸው ነው፤ ወደ ባሕር የሚወስደው አዲስ መንገድም ተከፍቷል። ከኢጣሊያ ጋር የነበረው ግንኙነት እየጠበቀ ሄዶ በዚያው ዓመት በጥቅምት 5,000 ሬሚንግተን ጠመንጃ የሚያስገኝ ስምምነት ላይ ደረሰ። ለእንደዚህ ያለ ገዢ 40 ዓመት ያለፈበት በአፈሙዝ የሚጎረስ ጠመንጃ ምን ያህል ሊያወጣ ይችላል? 60,000ውም ጥይት ብዙ ይመስላል እንጂ፣ ለ2,000 ተኳሾች ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 30 ነው፤ የአንድ ጠንካራ ውጊያ ስንቅ እንኳ አይሆንም።

ንጉሡ ዕቃውን በጅምላ ገመገሙት። ከግምቱ ላይ የግመሎቹ ኪራይ ተቀነሰ፤ ላባቱ ለንጉሡ ነበረበት የተባለው ዕዳም ተቀነሰ። በራምቦ ሒሳብ መሠረት የቀረለት 9,000 ብር ገደማ ነው። ይህም በእጁ አልተከፈለውም፤ የሐረር ገዥ ሆነው በተሾሙት በመኮንን በኩል እንዲከፈለው ትእዛዝ ተጻፈለት። በአቤቱታው ላይ 40,000 ብር የተገመተው ጭነት ሩብ ያህሉን እንኳ አላመጣም።

በዚህ ላይ የላባቱ ዕዳ ጠያቂዎች መጡ። ሟቹ በሸዋ ለብዙ ዓመታት የኖረ፣ ኢትዮጵያዊት ሚስትና ቤተሰብ የነበረው ሰው ነው። ሠራተኞች ያልተከፈለ ደመወዝ፣ ነጋዴዎች ያልተመለሰ ብድር፣ ሚስቱም የውርስ ድርሻዋን ጠየቁ። ጉዳዩ በአንኮበሩ ሹም በአዛዥ ወልደ ጻድቅ ፊት ቀረበ። ራምቦ በጻፈው ታሪክ ውስጥ ጠያቂዎቹ እንደ ቀማኞች ይታያሉ። ከእነርሱ ወገን ሲታይ ግን፣ ላባቱን አምነው ያገለገሉና ያበደሩ ሰዎች ዕዳቸውን የሚጠይቁበት የመጨረሻ ዕድል ያ ነበር። የአገሩም ልማድ ይህን ይፈቅድላቸው ነበር።

የተቃጠሉት ደብተሮች

በዚህ ግርግር መካከል የሆነ አንድ ነገር ለታሪክ ተማሪ ሊረሳ የሚችል አይደለም። ራምቦ የላባቱን ቤት ሲፈትሽ፣ ሟቹ የሕይወት ታሪኩን የጻፈባቸው 34 ደብተሮች አገኘ። ሚስቱ እየተቃወመች በእሳት አቃጠላቸው። የንብረት ሰነዶችም በደብተሮቹ ውስጥ ተቀምጠው እንደነበር የተረዳው በኋላ ነው። ይህን የምናውቀው ከራሱ ከራምቦ ደብዳቤ ነው።

ላባቱ በሸዋ መሣሪያ ከሸጡ የመጀመሪያዎቹ አውሮፓውያን አንዱ ነበር። ጥይቱ ከየት እንደተገዛ፣ በስንት እንደተሸጠ፣ በየት እንደተከማቸ፣ ማን እንደተከፈለውና ማን እንደተከለከለ የሚያስረዳ የዓመታት መዝገብ በአንድ ቀን አመድ ሆነ። ዛሬ ስለዚያ ንግድ የምንጽፈው በአብዛኛው ደብተሮቹን ባቃጠለው ሰው ደብዳቤዎች ላይ ተመርኩዘን ነው። እነዚህ ደብዳቤዎችም እርስ በርሳቸው አይስማሙም። በ1887 ኤደን ለነበረው የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል ባቀረበው ሒሳብ፣ ከካፒታሉ 60 በመቶ እንደከሰረና 21 ወራት በከንቱ እንደደከመ ይናገራል። በዚያው ዓመት በነሐሴ ከካይሮ ለቤተሰቡ ሲጽፍ ግን፣ ቀድሞ የነበረውን 15,000 ያህል ፍራንክ ይዞ መውጣቱን፣ ያተረፈው ድካም ብቻ መሆኑን ይገልጻል። ለቆንስሉ የተጻፈው የዕዳ ጠያቂዎችን ክስ ለመመከት ነው፤ ለቤተሰቡ የተጻፈው እናትን ለማረጋጋት ነው። እውነቱ በሁለቱ መካከል ሳይሆን አይቀርም፤ ሊያስታርቃቸው ይችል የነበረው ሦስተኛ ምስክር ግን ተቃጥሏል።

ከጥይት ወደ ጥይት መሥሪያ

ራምቦ ግንቦት 1 ቀን 1887 ከፈረንሳዊው ተጓዥ ከዡል ቦሬሊ ጋር ከእንጦጦ ተነሥቶ በአዲሱ መንገድ ወደ ሐረር ወረደ። መኮንን ከእጃቸው ጥሬ ገንዘብ ስላልነበረ ክፍያው በሰነድ ተደረገ፤ ሰነዱን ለመመንዘር ምጽዋ ድረስ መሄድ ግድ ሆነ። በመጨረሻ ካይሮ ሲደርስ 8 ኪሎ ያህል የሚመዝን ወርቅ በወገቡ ታጥቆ ነበር። በሸዋ ስላደረገው ጉዞም በካይሮ በሚታተም የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ላይ ጻፈ።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር በሕይወት ታሪኮቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። በታኅሣሥ 1887 ለአርደን የሕዝብ ተወካይ ደብዳቤ ጻፈ። ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃና ጥይት በአገራቸው ለመሥራት የሚያስችሉ መሣሪያዎችና ጥሬ ዕቃዎች በኦቦክ በኩል እንዲያልፉ የባሕር ኃይልና ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር ፈቃድ እንዲሰጠው ጠየቀ። በጥር 1888 ሚኒስቴሩ ከእንግሊዝ ጋር የተደረገውን ስምምነት ጠቅሶ ከለከለ። በግንቦት መጀመሪያ ፈቀደ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ፈቃዱን መልሶ አገደ። መሥሪያው አልመጣም።

የዚህ ጥያቄ ትርጉም ከራምቦ ትርፍ ያለፈ ነው። የተዘጋጀ ጥይት የሚገዛ መንግሥት በየጊዜው ወደ ሻጩ ይመለሳል፤ ሻጩም በፈለገ ጊዜ ወደቡን ይዘጋል። የራሱን ቀለህ የሚሞላ፣ የራሱን መለኮሻ የሚሠራ መንግሥት ግን በአንድ ትእዛዝ ሊታገት አይችልም። የፓሪስ ሹማምንት ሁለት ጊዜ እምቢ ያሉትም ይህን ልዩነት ስለተረዱ ሊሆን ይችላል። በ1890 የብራስልስ ጠቅላላ ስምምነት በአፍሪካ ሰፊ ክፍል የመሣሪያን ንግድ ሲያግድ፣ ወደቡን የያዘ ኃይል ምን ያህል ሥልጣን እንዳለው በይፋ ታየ። ምኒልክም ከውጫሌው ውል በኋላ በአንድ ሻጭ ላይ ላለመመካት ከፈረንሳይ፣ ከሩሲያና ከሌሎችም ምንጮች መግዛታቸውን ቀጠሉ፤ በአድዋ የታየው የእሳት ኃይል የዚህ የብዙ ዓመታት ክምችት ውጤት ነበር። በዚያ ክምችት ውስጥ የራምቦ ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው። አንድ ሰው ለቀሪው ሕይወቱ የሚበቃውን ድካም ግን ወስዶበታል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ራምቦ በ1888 የነጋዴው አርማን ሳቩሬን መሣሪያ ወደ ሸዋ በማሻገር ሥራ ለመሳተፍ ሞክሮ አልሆነለትም። ከዚያ ወዲህ መሣሪያን ትቶ፣ የኤደኑ ነጋዴ የሴዛር ቲያን ወኪል ሆኖ ሐረር ተቀመጠ። ቡና ገዛ፤ ጨርቅ፣ ድስትና ጨሌ ሸጠ። የንጉሡ አማካሪ ከሆነው የስዊስ መሐንዲስ ከአልፍሬድ ኢልግ ጋር ለሦስት ዓመታት ያህል የንግድ ደብዳቤ ተጻጻፈ። እነዚህ ደብዳቤዎች ስለ ዘመኑ ገበያ የሚሰጡት ዕውቀት ለኢኮኖሚ ታሪክ ተመራማሪ ትልቅ ሀብት ነው።

በየካቲት 1891 ቀኝ ጉልበቱን ያመው ጀመር። በሚያዝያ 16 ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ከሐረር ወደ ዘይላ አወረዱት። ቀድሞ መሣሪያውን ጭኖ ያቋረጠውን የመሰለ በረሃ አሁን ራሱ ሸክም ሆኖ አለፈው። ግንቦት 27 ቀን ማርሴይ በሚገኘው የኮንሴፕሲዮን ሆስፒታል እግሩ ተቆረጠ፤ በሽታው ግን ተስፋፍቶ ነበር። ኅዳር 10 ቀን 1891 በ37 ዓመቱ ሞተ። ከሀብቱ 3,000 ፍራንክ በሐረር ላገለገለው ለጃሚ ዋዳይ እንዲሰጥ ተናዝዟል። በዕዳ ጠያቂዎች ላይ ብዙ የጻፈው ይህ ሰው፣ በመጨረሻ ዕዳ አለብኝ ብሎ ያሰበለት አንድ ኢትዮጵያዊ ነበር።

ማጠቃለያ

የራምቦ የመሣሪያ ንግድ ታሪክ ሦስት ነገሮችን ያሳያል። አንደኛ፣ የጥይት ንግድ በመግዛትና በመሸጥ ብቻ አይወሰንም፤ በሁለቱ መካከል ያለው የማከማቸትና የመጠበቅ ጊዜ ራሱ ዋጋ አለው። በታጁራ ያለፈው አንድ ዓመት፣ ንጉሡ እንጦጦ ላይ ከቀነሱበት ይልቅ ያከሰረው ይመስላል። ሁለተኛ፣ በሸዋ ቀለህን መልሶ መሙላትና መለኮሻን መጠበቅ የመንግሥት ነጻነት ጥያቄ ነበር፤ በ1887–1888 የቀረበው የጥይት መሥሪያ ጥያቄና የደረሰበት ክልከላ ከግለሰቡ የሕይወት ታሪክ ወጥቶ በዲፕሎማሲ ታሪክ ውስጥ ራሱን ችሎ ሊጠና ይገባል። ሦስተኛ፣ ምንጮቻችን የአንድ ወገን ምንጮች ናቸው። ግመሎቹን የመሩት አፋሮች፣ ደመወዛቸውን የጠየቁት ሠራተኞች፣ ደብተሮቹ ሲቃጠሉ የተቃወመችው ሴት በራሳቸው ቃል አልተመዘገቡም። የአንኮበርንና የሐረርን የቃል ትውፊት፣ በአማርኛና በአረብኛ የተጻፉ የንግድ ሰነዶችንም ከደብዳቤዎቹ ጎን አስቀምጦ የሚመረምር ጥናት፣ ከእሳቱ የተረፈ ነገር ካለ ሊያገኘው የሚችልበት መንገድ ይህ ነው።